ለመርዶ የሚሆን ማቆሚያ

አጎቴ ናታን ከሞተ ወር ሊሞላው ነበር፤ እናቴ ግን አልሰማችም። ያልሰማችው የሚነግራት ሰው ጠፍቶ አይደለም። መርዶ የሚነገርበት ቦታ ጠፍቶ ነው። የምንኖረው መኪና ውስጥ ነው፤ መኪናዋ ደግሞ አትቆምም።

መኪና ውስጥ እንኖራለን ስል ቤት የለንም ማለቴ አይደለም። ቤትማ አለን፤ ሳይት ሠላሳ አንድ፣ ሰባተኛ ፎቅ። አያቴ የተመዘገበበት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዕጣው የወጣው ለእኔ ነው። ከሳይቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው መንገድ «በቅርቡ ይጠናቀቃል» የሚል ሰሌዳ ቆሞለታል። መንገዱ እንዳለ አለ፤ ሰሌዳው ግን ዝገት እየበላው ሁለት ጊዜ ታድሷል። አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ እግር ይውጣል፣ ጎማ ይውጣል፣ አንዳንዴም ትዕግሥት ይውጣል። ስለዚህ በሳይታችን የቤተሰብ መኪና ሲባል በረሃና ተራራ እንዲያቋርጥ የተሠራ ባለ ትልልቅ ጎማ መኪና ማለት ነው። የኛዋን ጎረቤቶች ጉማሬ ይሏታል። ለመውጣት መሰላል አላት፣ ኋላዋ ላይ ትርፍ ጎማ ተሸክማለች፣ ፊቷ ላይ የብረት ገመድ ተጠቅልሏል። ልጃችን በሆዷ ሥር ጎንበስ ሳትል ታልፋለች።

ይህች ለዳገት የተሠራች መኪና ቀኑን የምታሳልፈው ግን እንደ መስታወት በለሰለሰ አስፋልት ላይ ነው። ከተማ ውስጥ መኪና ማቆም ከቀረ ቆይቷል። ማቆሚያዎቹ ሣርና አበባ ሆነዋል፤ እውነቱን ለመናገር ያምራሉ። ሰው ማውረድ ይቻላል፤ ማውረጃው ላይ በር ከፍተህ፣ ስመህ፣ ዘግተህ ትሄዳለህ። የከተማውን በር ካለፍክ በኋላ መሪው ያንተ አይደለም፤ መስመሩ ይረከብሃል፤ ፍጥነቱንም መታጠፊያውንም እሱ ያውቃል። አንተ እጅህን አጣጥፈህ ትዞራለህ። ከመስመሩ ወጥቶ የቆመ መኪና ቦሎው ይነሣል፤ ቦሎ የሌለው መኪና ደግሞ ሁለተኛ በበሩ አያልፍም። ቦሎ ከሌለ ባለቤቴ ረድኤት ሥራ የላትም፣ ልጃችን ትምህርት ቤት የላትም፣ እናቴ ሐኪም የላትም። እኔም እንግዲህ የምዞርበት የለኝም።

ልጃችን ተዋበች ትባላለች። የጥንት ስም አሁን ፋሽን ነው፤ ክፍሏ ውስጥ ሁለት ደምሴና አንድ በላይነሽ አሉ። ጠዋት ጠዋት ከነብርድ ልብሷ ተሸክሜ እጭናታለሁ። ጥርሷን የምትቦርሸው ቀለበት መንገዱ ላይ ነው፤ ረድኤት ጸጉሯን ስትሠራት ላፍቶ እንደርሳለን። እሷን ሳር ቤት፣ ረድኤትን ቦሌ አውርደን እኔና እናቴ እስኪመሽ እንዞራለን። ሥራዬን የምሠራው እዚያው መሪው ፊት ተቀምጬ ነው፤ ለአንድ የመድን ድርጅት የደንበኛ ቅሬታ እመልሳለሁ፤ ማለትም ለተናደደ ሰው ታገስ እላለሁ። ምሳ ላፍቶ ላይ ጀምረን መገናኛ ላይ እንጨርሳለን። እናቴን ከቤት እንድትውል ለምነናት ነበር። ቀን ቀን ሕንጻው ውስጥ አንድም ሰው ስለማይኖር፣ «ከበድን ጋር አልውልም፤ ከናንተ ጋር ልዙር» አለች።

ከሰው ጋር የምንገናኘውም እንደዚሁ ነው። የምናውቀው ሰው መኪና ከጎናችን ሲመጣ መስኮት ዝቅ እናደርጋለን። «እንዴት ናችሁ? ልጆቹስ?» እስክንባባል መስመሩ ከታገሠን ትልቅ ነገር ነው። ለቅሶም የሚደረሰው በዚሁ ነው። ሐዘንተኛው በቀኝ ረድፍ እየሄደ ለቀስተኛው በግራ ይመጣል፤ በመስኮት «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን ነውር ይመስል ነበር፤ አሁን ለምደነዋል።

መርዶ ግን በመስኮት አይሆንም። እዚህ ላይ እናቴም፣ እድራችንም፣ እኔም አንድ ነን። መርዶ በማለዳ ነው። የእድር ሰዎች ተጠራርተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ። ባለ መርዶዋ ትቀመጣለች፤ ራሷን እንዳትፈጠፍጥ ሁለት ብርቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዟታል፤ ከዚያ ትልቁ ሰው ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሚያለቅስ ሰው ቤቱን ይሞላዋል። ብቻዋን የሰማች፣ ወይም በጥድፊያ የሰማች ሴት ሐዘኑ ሆዷ ውስጥ ይቀራል ይባላል፤ እኔም አምናለሁ።

ናታን ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አልነበረም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው የሞተችው እሱ ጡት ሳይጥል ስለሆነ እሷ ናት አዝላ ያሳደገችው፤ ሽበት አውጥቶ እንኳ «ልጄ» ነበር የምትለው። ሎጊያ፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሙቀቱ በርትቶ ሳለ ልቡ ቀጥ አለች፤ እዚያው ቀበሩት። ዜናውን የሰማሁት በጆሮ ማዳመጫ፣ መገናኛን ስንዞር ነው። እናቴ ከኋላዬ ብርቱካን እየላጠች ነበር።

ያን ዕለት የጉማሬን አፍ ዘጋሁት። ድሮ መልእክት በመጣ ቁጥር ጮክ ብላ ታነብልን ነበር። ዓርብ ዓርብ የናታንን ድምፅ ለእናቴ የምታሰማትም እሷ ነበረች።

«ይቺ መኪና ምን ነካት?» ትላለች እናቴ። «ድሮ ዝም በይ ብትባል እንኳ አትሰማም ነበር።»

«ተበላሽታ ነው፣ እማ።»

«ታዲያ አታሠራትም?»

«ጊዜ የለኝም።»

«ስትዞር እየዋልክ ጊዜ የለኝም ትላለህ?» ትለኝና ወደ መስኮቱ ትዞራለች።

የምትለውን ሁሉ እችለው ነበር። አንዱ ነገር ግን በላኝ። ለፋሲካ ሳይመጣ በመቅረቱ ናታንን ተቆጥታው ነበር፤ «እኔ ስሞት ነው የምትመጣው» ብላዋለች። ከዚያ በኋላ ድምፁ ስለጠፋ፣ መኪናዋ ብትበላሽም የፈለገ ሰው በሰው በኩል ይልካል እያለች፣ ተቀይሞኛል ብላ አመነች። ስንዞር ስንዞር፣ ሳሪስ ላይ ሆነን፣ «አፌን በቆረጠው» ትላለች። ሃያ ሁለት ላይ ደግሞ የምትለውን ታሰናዳለች፦ «ናቲዬ፣ እህትህ አርጅታለች፣ አትያዝባት እለዋለሁ።» አንድ ቀን የጉማሬን በር በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ይቺ እኮ በረሃ ልትሻገር የተሠራች ናት፤ ምን ያስፈራሃል? አንድ ቀን ሎጊያ ውሰደኝ። ይቅር እንዲለኝ ነው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እንሄዳለን፣ እማ» አልኳት። እንዲህ እያልኩ ከአንድ ሳምንት ወደ ሌላው አሻገርኳት። በየቀኑ በሌለ ጥፋት ራሷን ስትከስ እየሰማሁ፣ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ እዞር ነበር።

ያልሞከርን እንዳይመስላችሁ። የጨርቆስ እድራችን ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላም አልፈረሰም፤ ሰዉ በየሳይቱ ተበትኗል እንጂ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ካሌብ እሑድ ማለዳ ሰዎች ይዘው ሊመጡ ተቃጠርን። ቅዳሜ ማታ ዝናብ ጣለ። በማለዳ የሁሉም መኪና ሜዳው ላይ ጭቃ ውስጥ ተተክሏል። እኔና ጉማሬ አንድ በአንድ እየጎተትን ስናወጣቸው ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ መርዶ አይነገርም። እናቴ ጭቃ የለበሱ ሽማግሌዎች ቤቷ ሲገቡ አይታ ሳቀች፤ ጨጨብሳ አቀረበችላቸው።

«ምን አመጣችሁ በዚህ ጭቃ?»

«ጉማሬን እንግዛት ብለን» አሉ ጋሽ ካሌብ ጉርሻቸው እየተናነቃቸው።

በሚቀጥለው እሑድ እኔ ለቦሎ ምርመራ ተጠራሁ። የቀረ ሰው ተራው ለወራት ይገፋል፤ ልጅ በሌለበት ደግሞ ለእናት መርዶ አይነገርም። ከምርመራው ስመለስ አዲሱ ቦሎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ እናቴ ግን በዚህ ዓርብም ናታን ድምፁን አልላከም ብላ ምሳ አልበላችም።

መላውን ያመጡት ጋሽ ካሌብ ናቸው። «እኛ ወደ ቤቷ መምጣት ካልቻልን፣ ቤቷ ወደ እኛ ይምጣ። ስትገቡ በየማውረጃው እየጠበቅን እንሳፈራለን። ማለዳ ነው፣ ሰው አለ፣ ልጇ አለ። ምን ይጎድላል?»

ማታ ደረጃውን ስንወጣ ለረድኤት ነገርኳት። አራተኛ ፎቅ ላይ ቆመች።

«ብትወድቅብንስ? ልውረድ ብትልስ? የት ታወርዳታለህ?»

«ጋሽ ካሌብ ያውቁበታል።»

«ኢዮስያስ፣ ስማኝ። እሳቸው ይወቁበት። አንተ ግን መስመሩን እንዳትለቅ። ይቺን ሥራ ለማግኘት ያየሁትን አይተሃል። ልጅቷን ደግሞ የት ልናስተምራት ነው፣ ሜዳው ላይ? ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁ። ከልቤ ነበር።

በማግስቱ በሩን እንዳለፍን ጋሽ ካሌብ የመጀመሪያው ማውረጃ ላይ ቆመው ጠበቁን። «መኪናዬ አልነሣ ብላኝ ነው፤ እስከ መሃል ሸኙኝ» አሉ። እናቴ ደስ አላት፤ ሰው ትወዳለች። ስለ ጭቃው አንሥታ ቀለደችባቸው። ቀጥሎ እትዬ ብሌን ተሳፈሩ፤ የእሳቸውም መኪና አልነሣ ብሏል። በእናቴ ጎን ተጠግተው ተቀመጡ፤ ከሚገባው በላይ ተጠጉ። እናቴ ቀልዷን ቀነሰች። ሦስተኛው፣ የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ሚኪያስ፣ በሩን ከፍተው «ደኅና አደራችሁ» ሲሉ ማንም አልመለሰላቸውም።

በመስታወቱ እናቴን አየኋት። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ነጠላቸውን አየች። ማንም እንዲህ በማለዳ ነጠላ አዘቅዝቆ ወደ ሥራ አይሄድም። ተዋበች የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች አያቷን ታያለች። ጋሽ ካሌብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማክዳ…»

«ቆይ» አለች እናቴ። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ኢዮስያስ፣ አቁማት።»

«አትቆምም እኮ፣ እማ። ታውቂ የለ?»

«እንግዲያው አልሰማም።» ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፈነች። «የማን እንደሆነ አትንገሩኝ። የማንም ይሁን፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የምሰማው። እየበረርኩ አልሰማም። ሰው ነኝ እኮ።»

እትዬ ብሌን እጆቿን ሊያወርዱ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ጋሽ ካሌብ ሁለቴ ጀመሩ፤ ሁለቴም እሷ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች፤ ድምፃቸው ሳይደርሳት ቀረ። መስመሩ በለመደው ፍጥነት ሳሪስን አሳልፎን ወደ ላፍቶ ታጠፈ። ከጎናችን ያለው መኪና ውስጥ አንድ ሰውዬ ጺሙን እየተላጨ ነበር፤ አየንና ዓይኑን መለሰ። እናቴ ጆሮዎቿን ይዛ፣ ዓይኖቿን ጨፍና፣ ለልጅ እሹሩሩ እንደምትል ሴት ወደፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። የሳር ቤት ማውረጃ መጣ። ተዋበች አልወረደችም፤ ማንም ውረጂ አላላትም። ማውረጃው አለፈ፤ የረድኤት የቦሌውም አለፈ። ሁለተኛውን ዙር ጀመርን።

እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ በእናቴም፣ በጋሽ ካሌብ መላም፣ ከሁሉ በላይ ግን በገዛ እጄ። ተራራ የሚወጣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ለእናቴ የምትቀመጥበት መሬት ማግኘት አልቻልኩም። ከመንገዱ ዳር፣ ክንድ በማይሞላ የድንጋይ ጠርዝ ማዶ፣ በዘንባባዎቹ መካከል ሣሩ ውሃ ጠጥቶ አረንጓዴ ሆኗል። ሰው አልነበረበትም።

ረድኤትን አየኋት። አንድ ቃል እንድትናገረኝ ፈለግሁ። በመስኮት ሣሩን አየችና ዞረች፤ የተዋበችን ቀበቶ ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ የራሷን ጠበቅ አደረገች።

«ዛፎቹን ተጠንቀቅ» አለችኝ።

መሪውን ያዝኩ። መስመሩ ከሰው ጋር መታገል አይወድም፤ ሌላ መኪና ቢሆን አይለቅልኝም ነበር። ጉማሬ ግን አሮጌ ናት፤ መሪዋ ዛሬም ክንድ ያውቃል። ሁለት ጊዜ ነጠቀኝ፤ በሦስተኛው ትከሻዬን አግዤ ጎተትኩት። ጠርዙን ምንም ሳይመስላት ወጣችው፤ አበባውን ደረመሰች፤ ሁለት ዘንባባዎች መካከል ገብታ ቀጥ አለች። ሞተሩን አጠፋሁት። ከመንገዱ ዳር ካለው ድምፅ ማጉያ «ከመስመር ወጥተዋል፤ ይመለሱ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ እሱም ዝም አለ።

እናቴ እጆቿን ከጆሮዋ ሳታነሣ ጠበቀች። በሩን ከፍቼ አወረድኳት። ጫማዋን አወለቀች፤ እርጥቡ ሣር ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እትዬ ብሌን በግራ፣ ረድኤት በቀኝ ያዟት። ያኔ እጆቿን አወረደች።

«አሁን ንገሩኝ።»

«ማክዳ፣» አሉ ጋሽ ካሌብ ቆመው፣ «ናታን አርፏል።»

«ልጄ?»

«አዎ። ልቡ ነው። ወር ሊሞላው ነው።»

ፊቷ ላይ የመጣው ነገር መጀመሪያ ሐዘን አልነበረም፤ አሁንም ሳስበው የሚያመኝ ይህ ነው። «እና አልተቀየመኝም ነበር» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። «ልጄ አልተቀየመኝም ነበር።» ከዚያ ደረቷን መታች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼው የማላውቀው ጩኸት ከውስጧ ወጣ፤ ሴቶቹ አጥብቀው ያዟት። ጋሽ ሚኪያስ የቆሙበት ተቀመጡና ማልቀስ ጀመሩ። ተዋበች መጥታ ከአያቷ እግር ሥር ኩርምት አለች።

መኪኖቹ ያልፋሉ። መስመሩ ቀስ እንዲሉ አይፈቅድላቸውም፤ ሰዉ ግን መስኮቱን እያወረደ አንገቱን ይደፋል። ጺሙን ሲላጭ የነበረው ሰውዬ ዞሮ መጣ፤ በዚህኛው ዙር ነጠላ ቢጤ ራሱ ላይ ጣል አድርጓል፤ ምናልባትም ፎጣው ነው። «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል ግማሹ ተሰማን።

ተቆጣጣሪዋ ብስክሌቷን ሣሩ ዳር አቁማ መጣች፤ የእኔ እኩያ ናት፤ የደንብ ልብሷ በደንብ ተተኩሷል። መኪናዋን አየች፤ የተደረመሰውን አበባ አየች፤ ከዚያ እናቴን አየች። ባርኔጣዋን አወለቀች። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብላ ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀመጠች። ማንንም ምንም አልጠየቀችም። ለቅሶ ደራሽ የሚቀመጠውን ያህል አንገቷን ደፍታ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ሣሩን ከልብሷ አራገፈች፤ ወደ ጉማሬ ሄዳ ቦሎውን ከመስታወቱ ላይ ላጠችው። ሙጫው አዲስ ስለነበረ በቀላሉ ለቀቀ። ረድኤት አየቻት፤ እናቴን ግን አልለቀቀችም።

ሴትዮዋ ወደ እኔ መጣች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ምክንያቱን በራስዎ ድምፅ መናገር አለብዎት» አለችኝና ትንሽ መቅረጫ ወደ አፌ አስጠጋች።

«የቆሙበት ምክንያት?» አለ መቅረጫው።

«አጎቴ…» አልኩ።

ቀላል ዓረፍተ ነገር ነበር። በልቤ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ግን አጎቴን እስከዚያች ቅጽበት አላለቀስኩትም ነበር። በዚያ ሁሉ ዙር እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ፊቴን በመስታወት ታይ ነበር፤ ስለዚህ ብርቱካን ስታቀብለኝ በላሁ፣ ስትቀልድ ሳቅሁ፣ ለተናደደ ደንበኛ ታገስ አልኩ። ቀሪውን ቃል ሳልጨርስ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አነባሁ።

«ምክንያቱ አልተሰማም» አለ መቅረጫው። «እባክዎ ይድገሙ።»

ሴትዮዋ አጠፋዋለሁ ብላ ነካካችው፤ እሱ ግን ይድገሙ ማለቱን አልተወም። በመጨረሻ መዳፏ ውስጥ ጨብጣ አፈነችው።

«ተዪው፣ ልጄ» አለቻት እናቴ ከሣሩ ላይ፣ በተዘጋ ድምፅ። «ያልቅስበት። እስከ ዛሬ ሲነዳ ነበር።»